ለመስኮቷ የጣልነው ዕጣ

ዓይኔን በገዛ ሻሼ አስረውኝ ስለነበር ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በእግሬ ነው። አንድ ጫማዬ መኪናው ላይ ወልቆ ቀርቷል። ባዶው እግሬ ሲሚንቶ ረገጠ። ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ ደግሞ ይሞቃል፣ ሰው አሁን ተነሥቶ የሄደበት ቦታ ይመስል። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ሻሹን ፍቺ የሚለኝ ሰው እየጠበቅሁ ቆሜ ቀረሁ።

«ፍቺው እንጂ ልጄ፣ ማንን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ የሴት ድምፅ፣ በዐማርኛ።

ፈታሁት።

የያዙኝ በዚያው ጠዋት ነው፤ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ የምሠራበት ቤት በር ላይ። በዚያ ሰሞን ሰልፍ የሌለበት ቀን አልነበረም። አሠሪዬ ሐጃ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከአልጋቸው አይርቁም። ወጣቶቹ በመንገዳችን ሲሮጡ ሲሰሙ ግን «ውኃ አውጪላቸው» ይሉኛል። ያን ቀን እርሾ የተበጠበጠበት ውኃ በባልዲ አወጣሁ። አስለቃሽ ጭሱ ሲያቃጥላቸው ፊታቸውን የሚታጠቡት በእሱ ነው። የጸጥታ ሰዎቹ ፒካፕ ሲመጣ ሁሉም ሮጡ። እኔ አልሮጥኩም። ባልዲው የሐጃ ነው፤ ጥዬው መሄድ አልሆነልኝም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ቤት ውስጥ ትራሴ ሥር ነበር። «ሐበሺያ ናት» አለ አንዱ፣ ሌላ ጥፋት የጨመረብኝ ያህል። ባልዲውንም ከነእርሾው ጫኑት። ማስረጃ ነው አሉ።

በክፍሉ ውስጥ አራት ሴቶች ነበሩ። ያናገሩኝ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በካርቱም ሰው ቤት የሠሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ። እትዬ አልኳቸው። አርካዊት ሰፈር፣ የሚሠሩበት ቤት፣ የጌታውን ልጅ ፈልገው የመጡ ሰዎች ናቸው የወሰዷቸው። «ልጁን ሲያጡት እኔን አገኙ» ይላሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ። ሁለቱ ሱዳናውያን እህትማማቾች ናቸው። ሻይ ሻጮች ነበሩ፤ ሰልፈኛ አጠጣችሁ ተብለው ከነማንቆርቆሪያቸው የመጡ። አራተኛዋ የኔ እኩያ ብትሆን ነው፤ የመነጽሯ አንዱ ዓይን ተሰንጥቋል። እሷ አልተቀመጠችም። ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። አራት ርምጃ፣ ዞር፣ አራት ርምጃ። ከንፈሯ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት መሰለኝ።

«ተማሪ ናት» አሉኝ እትዬ። «ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ናት። እኛንም አዙሮን ልንወድቅ ነው።»

እኔም መቀመጥ አልቻልኩም። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሲሚንቶው ላይ ስቀመጥ ጣቶቼ ቀሚሴን ይፈትሉ ጀመር። ተነሣሁ። ተማሪዋ ወዲያ ስትሄድ እኔ ወዲህ፤ መሃል ላይ ትከሻ ለትከሻ እንተላለፋለን። ሁለት ቀን እንዲህ ስንተላለፍ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ሰው ካልጠየቀኝ አልናገርም፤ ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ስንተላለፍ ቆም ብላ «ሐበሺያዋ፣ ትጽፊያለሽ?» አለችኝ።

«ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ።»

«በቋንቋችሁ?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከንፈሯ ላይ የነበረው ጸሎት አልነበረም። የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ዩኒቨርሲቲ ትርጉም ነበር የምትማረው፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ለመመረቂያ የመረጠችው እንግሊዞች ስለ ዕድልና ስለማይቀር ክፉ ነገር የሚሏቸውን ቃላት ነው፤ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲገቡ ምን እንደሚሆኑ። ዐረብኛውን ራሷ ሠርታለች። የኑቢያውን ከአያቷ፣ የቤጃውን ከክፍል ጓደኛዋ ሰብስባ ነበር። ደብተሯን ግን ከነቦርሳዋ ወሰዱት። አያቷ ደግሞ ቃሉን ከሰጧት ወዲህ ሞተዋል። ስለዚህ እንዳይጠፋባት ቀኑን ሙሉ ትደግመዋለች። አንዱን ቃል ከረሳች ማንን ትጠይቃለች?

«የእናንተ ይጎድለኛል» አለችኝ። «ካርቱም በሐበሻ ተሞልታ አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ።»

ከጡት መያዣዋ ውስጥ የቅንድብ እርሳስ አወጣች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ። ወረቀቱ የብስኩት ካርቶን ውስጡ ነበር። አንዷ ሻይ ሻጭ ተኝታበት የነበረው ነው፤ «ቀስ ብለሽ ቅደጂ፣ አልጋዬ ነው» ስትላት ሁላችንም ሳቅን።

«‹ፌት› የሚሉት አለ» ብላ ጀመረች። ምን ማለት እንደሆነ በዐረብኛ አስረዳችኝ። ሰው ሳይመርጠው የሚደርስበት፣ ሳይወለድ ጀምሮ የተቆረጠለት።

«የአርባ ቀን ዕድል» አልኩ።

«አርባ? ለምን አርባ?»

አላውቅም። ሲባል ነው የሰማሁት። «እኛ ጋ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። ምናልባት ከዚያ ይሆናል።»

«ሴቷስ?»

«በሰማንያ።»

እትዬ ከጥጋቸው ቀና አሉ። «ለዚህ ነዋ የሴት ዕድል ሁልጊዜ አርባ ቀን ዘግይቶ የሚመጣው!» አሉና ራሳቸው ወደ ዐረብኛ መለሱት። እህትማማቾቹ ተንከተከቱ። ዘበኛዋ በሩን በጫማዋ መታች።

እንዲህ እያልን ቀኑ ይሄድልን ጀመር። ተማሪዋ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ትጽፋለች፤ ከጎኑ እኔ በዐማርኛ። ጽሕፈቴ ጎባጣ ነው፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም ነበር።  ሳንጨርስ እንዳይመጡብን እቸኩላለሁ፤ ደግሞ ስንጨርስስ ምን ልናደርግ ነው ብዬ እሠጋለሁ።

ያስቸገረን «ዱም» የሚሉት ነው።

«እየመጣ እንደሆነ ታውቂያለሽ» አለች ተማሪዋ። «ኮቴው ይሰማሻል። መሸሻ ግን የለሽም። ዕድል ጥሩም ይሆናል መጥፎም፤ ይህኛው ጥሩ የለውም።»

«መዓት» አልኩ።

«መዓትማ ለሁሉም ነው የሚወርደው» አሉ እትዬ። «ይህ የአንድ ሰው ነው የምትለው።»

«ጥፋት።»

«ጥፋት ሰው የሚያጠፋው ነው።»

«ፍርድ?»

ተማሪዋ ጣቷን አነሣች። «ድሮ እኮ ትርጉሙ እሱ ነበር፤ የዳኛ ፍርድ። ኋላ ነው እየጨለመ የሄደው።»

«ፍርድማ ጥሩም አለው» አሉ እትዬ። «ዳኛው ሰው ከሆነ።» ትንሽ አሰቡና «እኔን የሚገርመኝ ግን እነዚህ እንግሊዞች ለመከራ ይህን ሁሉ ስም ማውጣታቸው ነው። መከራውን ለእኛ ሰጥተው ስሙን ለራሳቸው አስቀሩት» አሉ።

ቦታው ባዶ ቀረ። ተማሪዋ አንድ መስመር አሰመረችበት። «እናገኘዋለን» አለች።

ጣራው ሥር አንዲት መስኮት ነበረች፣ ስፋቷ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ሁለት ብረት ያለባት። አየር የሚገባው በእሷ ብቻ ነው። ከሥሯ የተኛ ሰው የመንገዱን ድምፅ ይሰማል፤ የሪክሻ ጥሩምባ፣ ሐብሐብ የሚሸጥ ሰው ጥሪ። ሌሎቻችን እርስ በርሳችን ትንፋሽ እንቀባበላለን። በአምስተኛው ቀን ተማሪዋና ታናሽየዋ ሻይ ሻጭ በዚያች ቦታ ተጣሉ። ክፉ ጠብ ነበር። አንዷ ያንዷን እናት ስም አነሣች።  ሁላችንም ተነሥተን እንደ ተቆለፈበት ከብት መዞር ጀመርን፤ መተላለፊያ የለም።

«ዕጣ እንጣል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ሁሉም ዘወር ብለው ሲያዩኝ ጭንቅላቴን ደፋሁ።

ተማሪዋ ዕጣ ምንድን ነው አለችኝ። ቀስ እያልኩ ነገርኳት። አገሬ ጎንደር አጠገብ ነው። እኛ ጋ ለበዓል ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ያርዳል፤ ቅርጫ ይባላል። ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደለደላል። ከጉበቱ ለሁሉም፣ ከአጥንቱ ለሁሉም፤ ደልዳዩ ይህኛው አነሰ እየተባለ እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ እኩል እስኪሆን ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከዚያ እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጣል፤ ጠጠር፣ ጭራሮ፣ ያገኘውን። የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ምልክቱን በየመደቡ ላይ ይጥላል። የወደቀልህን ትወስዳለህ። ማጉረምረም የለም፤ መደቡ አስቀድሞ እኩል ነበርና።

«‹ሎት› እኮ ይህ ነው» አለች። ጠቡን ረስታው ነበር። «እንግሊዞቹም ቃሉ አላቸው። ግን ማንም ስለ ደልዳዩ ነግሮኝ አያውቅም።» ወዲያው እርሳሷን ፈለገች።

ምልክት አወጣን። ተማሪዋ ቁልፍ፤ እትዬ የተምር ፍሬ፤ ታላቅየዋ ሻይ ሻጭ ከቶቧ፣ ከተጠቀለለችበት ልብስ፣ ጠርዝ ውስጥ ያገኘቻትን አንዲት ክብሪት፤ ታናሽየዋ ክር፤ እኔ ከግድግዳው የተፈረፈረ ኖራ። አንዷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሌላዋ ምልክቶቹ ላይ ጣቷን እያሳረፈች «ይህስ?» ትላለች። ፊቷን ያዞረችው ደስ እንዳላት «ይለፍ» እያለች ትቆይና ባሻት ጊዜ «ይሁን» ትላለች። «ይሁን» የተባለለት ያን ቀን መስኮቷ ሥር ይተኛል። ቃሎቹን ሁሉም በዐማርኛ ተማሩ፤ ታናሽየዋ «ይለፍ» ለማለት ብቻ ፊቷን ማዞር ትወድ ነበር። አታልላችሁኛል እንዳይባባሉ ተማሪዋ ወረቀቱ ጀርባ ላይ የየቀኑን ሥዕል ትሥል ጀመር። ክብሪት፣ ቁልፍ፣ ክብሪት፣ ፍሬ፣ ክብሪት። ታላቅየዋ ዕድለኛ ነበረች።

ዘበኛዋ በበሩ ቀዳዳ አየችን። ከአገሩ ምዕራብ የመጣች ረጅም ሴት ናት፤ ክፉ አልነበረችም። ያየችው ግን አንዲት ሐበሻ ወደ ግድግዳ ዞራ በማይገባ ቋንቋ ስትናገር፣ ሌሎቹ በእንብርክካቸው በክብሪትና በፍሬ ላይ ጣት ሲያሳርፉ ነው። በዚያው ቀን ጥርሷን አመማት። ሲሕር፣ ድግምት፣ ሠርተውብኛል ብላ ለአለቆቿ ተናገረች። ስለ ሐበሻ ሴት እንዲህ የሚያምን በከተማው ብዙ ነው፤ ሐጃም በመጀመሪያው ወር ትራሴን ፈትሸውት ነበር። መጥተው ፈተሹ። ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ወረቀቱን አወጡት። እርሳሱንም፣ ምልክቶቹንም ወሰዱ።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዋን ጠሯት። ስትመለስ አልተመላለሰችም፤ ተቀመጠች። ያኔ ፈራሁ።

«ክብሪቷን እሳት ነው ይላሉ» አለች። «ቤት ማቃጠል። በዚህ ከከሰሱኝ ዓመታት ነው።»

ንግግሯን ሳትጨርስ ዘበኛዋ በሩን ከፈተች። «አንቺ! ሐበሺያ! ያላ!»

መኮንኑ ወጣት ነው፤ ሽቶ ይሸታል። ክፍሉ ውስጥ ማራገቢያ ነበር፤ ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ከነፋሱ ብቻ። ወረቀታችን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አጠገቡ ምልክቶቹ በተራ፣ የኔ ኖራ ሳይቀር። በማስረጃ ቦታ ሲታዩ ክብሪቷ በእርግጥም የምታስፈራ መሰለችኝ።

«ይህ የሐበሻ ጽሕፈት የማን ነው?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ማን የቤት ሠራተኛ ትጽፋለች ብሎ ያስባል?

«የኔ ነው ጀናቡ» አልኩ፤ መኮንን የሚጠራው እንዲህ ነው።

ተገረመ። «አንብቢው።»

አነበብኩ። ድምፄ ከማራገቢያው በታች ነበር፤ ጮክ በይ አለኝ። አንዱን በዐማርኛ፣ ቀጥሎ በዐረብኛ። ዕድል። የአርባ ቀን ዕድል። ዕጣ። ዕጣ ፈንታ። ቀኑ የደረሰ። ባዶው ቦታ ላይ ስደርስ አለፍኩት።

«ይህስ? ለምን አልተሞላም?»

«ቃሉን አላገኘንለትም።»

«ቀኑን ነው ያላገኛችሁት ወይስ ቃሉን?» አለ። «እንግሊዝኛውን አስተርጉመነዋል። ሁሉም የጥፋት ቃል ነው። ጀርባው ደግሞ ይህ ነው።» ወረቀቱን ገለበጠው። «በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ክብሪት።»

የታላቅየዋ ዕድል ነበር። ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ፍርሃት ሲበዛ እንዲህ ያደርገኛል።

መሳቢያውን ከፍቶ በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት አወጣ። ዐረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም፤ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። እየቸኮለ አነበበው። ተማሪዋ ምልክቶቹን ሰጥታኛለች፤ ክብሪት ማለት የሚቃጠል ቤት ማለት ነው፤ በሐበሻኛ የጻፍኩት ለውጪ ሰዎች እንዳደርስላት ነው፤ ይህን ሁሉ የተናገርኩት በራሴ ፈቃድ ነው ይላል።

«ሐጃሽ ስለ አንቺ ሁለት ጊዜ ሰው ልካለች» አለኝ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ጣትሽን እዚህ ታሳርፊያለሽ። ምሳሽን ቡሪ ትበያለሽ።»

እውነቱን ልጻፍ። ልቤ ወደ ቡሪ ሄደ። ቧንቧው ሥር እግሬን ሳጥብ ታየኝ። ተማሪዋ ደግሞ ከአሥር ቀን በፊት የማላውቃት ሰው ናት። ቆሜ እግሬን እያነሣሁ እየጣልኩ ብዙ ቆየሁ፤ አንድ ቦታ መርጋት አልቻልኩም።

«እንዲህ አይደለም ጀናቡ» አልኩ በመጨረሻ። «ዕጣ ነው። ለመኝታ ቦታ ነው የጣልነው።»

«ምንድን ነው ዕጣ?»

በቃል ማስረዳት አቃተኝ። «ላሳይዎት?» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ከእያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ያስፈልገኛል አልኩት። ዘበኛዋ በር ላይ ቆማ ነበር፤ መኮንኑ በአገጩ አዘዛት። የጸጉሯን መርፌ ነቀለችና በሩቁ ዘርግታ ሰጠችኝ።

«ምንም እንዳታደርጊበት» አለችኝ በሹክሹክታ። ጉንጯ አብጦ ነበር።

መኮንኑ የብዕሩን ክዳን ወረወረልኝ፤ ጨዋታ ሆኖለታል። እኔ ከሻሼ ጠርዝ ክር መዘዝኩ። ሦስቱን በተራ አስቀመጥኳቸው።

«አሁን ጀናቡ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኔ ጣቴን ሳሳርፍ ይለፍ ወይ ይሁን ይላሉ። ያቺ ማራገቢያው ሥር ያለችው ወንበር የወጣለት ሰው ናት።»

ፈገግታው ጠፋ። «እኔ ለእስረኛ ጀርባዬን አልሰጥም።»

«ካላዞሩ ያያሉ።»

«ማየት ሥራዬ ነው። እያየሁ እመርጣለሁ።»

«እንግዲያው ዕጣ አይሆንም ጀናቡ።»

ይህን ያልኩት ለመድፈር አልነበረም፤ ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ግን ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ሌላ ነገር የተባለ መሰለኝ። ማራገቢያው ይዞራል። ዘበኛዋ ወደ ግድግዳው አየች፤ ከዚያ ወደ ምልክቶቹ። ይህን ያህል የፈራችው ምን እንደነበር የገባት ይመስለኛል። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አሳርፊያት» አላት መኮንኑ።

የቀለሙን ሳጥን አምጥታ እጄን ያዘች። አውራ ጣቴን ጨበጠችው። እጇ ከእጄ የበለጠ ላብ ነበረው።

«እጽፋለሁ» አልኩ።

«ምን?»

«ጣት አላሳርፍም። ስሜን እጽፋለሁ።»

መኮንኑ ሳቀ። «ሐበሺያዋ ፈራሚ ናት! ስጧት።» ለዚያኛው ወረቀት ፊርማ ከጣት አሻራ ይበልጣል ብሎ አስቦ ይሆናል። ክዳኑ የወለቀውን ብዕር ሰጠኝ።

ከጽሑፉ ሥር ባዶ ቦታ ነበር። ቀስ ብዬ፣ ፊደሎቹ እንዳይጋደሉ እየተጠነቀቅሁ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከላይ ያለው የኔ ቃል አይደለም። ዕጣ የጣልነው ለመስኮቷ ነው። ክብሪቷ የሻይ ሻጯ ምልክት ናት።» ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። በሕይወቴ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር ነው።

ስም ብቻ እንዳልሆነ ከርዝመቱ አወቀ። «ምንድን ነው ይህ ሁሉ?»

ሌላ ነገር ልለው እችል ነበር፤ ማንበብ የሚችል በዚያ አልነበረም። ነገር ግን ለሰባት ቀን የሠራሁት ሥራ ያ ነበር፤ አንዱን ቃል በሌላው ሳላዛባ ማስገባት። የጻፍኩትን አንድ በአንድ በዐረብኛ ነገርኩት።

አልመታኝም። ወረቀቱን አንሥቶ አየው። «አበላሸሽው» አለ፣ ልብሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ሰው በሚናገርበት ድምፅ። «እንግዲህ ቡሪን ታስቢያታለሽ።» የቀትር አዛን ይሰማ ጀመር። በእጁ ውጪ አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ አራቱም ቆመው ጠበቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊቴን አላዞርም ያለውን ስነግራቸው ተማሪዋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን አልሽው? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«እንግዲያው ዕጣ አይሆንም አልኩት።»

«ምን ይሆናል ታዲያ?»

መንገዱን ሁሉ ሳስበው የመጣሁት እሱን ነበር። «እያየ የጣለው ዕጣ» አልኩ። «መደቡን እኩል ሳያደርግ፣ ፊቱን ሳያዞር። ባዶው ቦታ ላይ ይህን ብንጽፍስ?»

እርሳስም ወረቀትም አልነበረንም። ተማሪዋ ወደ ዐረብኛ መለሰችው፤ ከዚያ ዐማርኛውን በአፏ ልትለምድ ሞከረች። «እያየ» ከበዳት። ስትስት እትዬ ያርሟታል።

«እያያ አይደለም፣ እያየ በይ። እኛን አስረሽ ቋንቋችንንም ልታጎሳቁዪ?»

«እኔ ነኝ ያሰርኩዎት?»

«አንቺማ መነጽርሽንም ማሰር አቅቶሻል።»

ቃሉን ዝርዝሯ ላይ ጨመረችው። እንደገና መመላለስ ጀመረች፤ እኔም ከተቃራኒው። ያን ቀን ምልክት ስላልነበረን መስኮቷ ሥር ማንም አልተኛም። ቦታውን ባዶ ትተን በዙሪያው ተኛን።

ከሦስት ቀን በኋላ ተማሪዋን አስነሥተው ዓይኗን በሻሿ አስረው ወሰዷት። ለመሰነባበት ጊዜ አልሰጡንም። በኮሪደሩ ርቃ ስትሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ከጀርባዋ ነው ያየኋት፣ ግን ጉንጯ ያስታውቃል። በእሳት እንዳልከሰሷት ከወራት በኋላ የሐጃን ልጅ አስጠይቄ ሰማሁ። ሌላ ክስ አግኝተውላት ነበር፤ የእሱ ቅጣት አጭር ነው። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም።

እኔን አሥራ ስድስት ቀን ጨምረው አቆዩኝ። የወጣሁ ዕለት መዝገቡ ላይ ለወጪዎች የቀለም ሳጥን ተቀምጧል። ከፊቴ የነበሩት ሁለት ሴቶች ጣታቸውን አሳርፈው አለፉ። ተራዬ ሲደርስ ዘበኛዋ ሳጥኑን በክርኗ ገፋ አደረገችና ብዕር አቀበለችኝ። አልተያየንም። ስሜን ጻፍኩ።

አሁን ገዳሪፍ ነኝ፣ በሱዳን ምሥራቅ። ጦርነቱ ሲመጣ ሐጃን ልጆቻቸው ወሰዷቸው፤ እኔ ከብዙ ሰው ጋር በመኪና በእግር እዚህ ደረስኩ። ተማሪዋ ካርቱም ትሁን፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ትሁን፣ ባሕር ማዶ ትሁን አላውቅም። ሥራዋን ጨርሳው ከሆነም እኔ የምሰማበት መንገድ የለም። እትዬን አንድ ጊዜ ያየኋቸው መስሎኝ ከአውቶቡስ ወርጄ ሮጬ ነበር፤ ሌላ ሴት ናቸው። አሁንም ብዙ መቀመጥ አልችልም። የተቆለፈ ቤት ውስጥ ሥራ አልቀጠርም። ይህንን የምጽፈውም እየተነሣሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እየተመለስኩ ነው።

የስደተኛ መታወቂያ የሚያድሱበት ቦታ ሰልፉ ረጅም ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያይም። ሐበሻ መሆኔን ከስሜ ያውቅና የቀለሙን ሳጥን ወደኔ ይገፋዋል። እኔም «እጽፋለሁ» እለዋለሁ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ከኋላ ሰዎች ይገፉኛል፣ ያላ ያላ ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው አይሰማኝም። ደግሜ እለዋለሁ።